የከተማ አየር በሁለት መዝገብ ሲታይ

ሰው ያለ እህል ብዙ ቀን፤ ያለ ውሃ ጥቂት ቀን ሊሰነብት ይችላል። ያለ አየር ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ መቈየት አይሆንለትም። ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን በየቤታችን የምናደርገውን ጥንቃቄ ስንመለከት ሥራችን ከእውቀታችን ጋራ አይስማማም። ዱቄቱን እንነፋለን፤ ውሃውን እናጠልላለን፤ ሥጋውን እናሸታለን፤ ቅቤውን እናነጥራለን። አየሩን ግን እንዳመጣጡ ሳንመረምር እንስበዋለን። ምክንያቱም ግልጥ ነው። የእህል ነቀዝና የውሃ ድፍርስ በዓይን ይታያሉ፤ በአየር ውስጥ ካለው ጕድፍ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ክፍል ከዓይን የተሰወረ ነው።

በዓይን የማይታየውን ነገር ለማየት ሰው ሚዛንና መዝገብ አበጅቷል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን የከተማ አየር እንዴት እንደሚመዘን፤ የተመዘነውም ቍጥር ለሕዝብ ጤና ጠባቂዎችና ለቤተ ሰብ አለቆች ምን ጥቅም እንዳለው ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጥ አስበናል። ነገራችን በአጭሩ ይህ ነው፤ የአየር መዝገብ ብቻውን ዲዳ ነው። አንደበት የሚያገኘው ከበሽተኞችና ከሟቾች መዝገብ ጐን፤ ቀኑ ከቀኑ፤ ሰፈሩ ከሰፈሩ ጋራ ተመሳክሮ ሲቀመጥ ነው። ይህንንም በታወቀ ታሪክ እናስረዳለን።

ኅዳር 26 ቀን 1945 ዓ.ም.፤ ይኸውም በኤውሮፓ አቈጣጠር ዲሴምበር 5 ቀን 1952፤ በእንግሊዝ ዋና ከተማ በሎንዶን ላይ ከባድ ጉም ወረደ። ከዚህ በታች የምንጠራው የውጭ አገር ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። ጉም ለሎንዶን ሰው እንግዳ አልነበረም፤ አባት ለልጅ ያወረሰው የብርድ ወራት ጓደኛ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የደነገጠ ሰው አልነበረም። ወራቱ ብርድ በመሆኑ በየቤቱ ምድጃ የድንጋይ ከሰል ይነድ ነበር፤ ፋብሪካዎቹና የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹም በዚያው ከሰል ይሠሩ ነበር። በዚያን ሳምንት ግን ነፋስ ታጣ። ሞቅ ያለው አየር በላይ ሆኖ እንደ አክንባሎ ከተማውን ከደነው፤ የቀዘቀዘውም አየር በታች ተኝቶ አልንቀሳቀስ አለ። ከጢስ ማውጫው ሁሉ የወጣው ጥላሸትና የድኝ ጋዝ መሄጃ አጥቶ በሰዎች መካከል ቀረ።

ይህ ነገር እስከ ኅዳር 30 ቀን ድረስ አምስት ቀን ቈየ። መንገደኛ የገዛ እግሩን ለማየት ይቸገር ነበር፤ አውቶቡሶች ሥራ አቆሙ። ጢሱ ወደ ቤት ውስጥ ዘልቆ በአንድ የታወቀ ቴአትር ቤት ተመልካቹ መድረኩን ማየት ስላልቻለ ጨዋታው በመካከል ተቋረጠ። በዚያው ሰሞን ለእርሻ ትርኢት ከየአውራጃው ተመርጠው ወደ ከተማ የመጡ የሰቡ ከብቶች ትንፋሽ እያጠራቸው ታመሙ፤ ከእነርሱም የሞቱና መዳናቸው ስላልታሰበ የታረዱ ነበሩ። በኋላ ነፋስ መጣና ጉሙን ጠረገው፤ ሕዝቡም ወደ ሥራው ተመለሰ። ብዙ ሰው ነገሩን ክፉ የአየር ጠባይ ነበር፤ አለፈ ከማለት በቀር ሌላ አላሰበም።

በሎንዶን ግን ሳይታክት የሚሠራ አንድ ምስክር ነበረ፤ እርሱም የሟቾች መዝገብ ነው። በዚያች ከተማ የሟቾችን ቍጥር በየሳምንቱ መጻፍ የቈየ ልማድ ነው። ጆን ግራውንት የተባለ ነጋዴ በ1662 እነዚህን የሳምንት ዝርዝሮች ሰብስቦ፤ ሰው በየትኛው ወራትና በምን በሽታ እንደሚበዛ ሞቱ መርምሮ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎችም ልማዱን አላቋረጡም። እንግዲህ ጉሙ ካለፈ በኋላ መዝገቡ ሲገለጥ ይህ ተገኘ። እስከ ዲሴምበር 6 ባለው ሳምንት በሎንዶን አውራጃ የሞቱት ሰዎች 945 ነበሩ፤ እስከ ዲሴምበር 13 ባለው ሳምንት ግን 2,484 ሆኑ። በአንድ ሳምንት ልዩነት የሞት ቍጥር ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ አደገ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በዚያ ሳምንት ከሞቱት ሰዎች አንዱም ቢሆን ጉም ገደለው ተብሎ አልተጻፈም። የአንዱ ሞት በሳንባ ምች፤ የሌላው በልብ ድካም፤ የሦስተኛው በአሮጌ ሳል ተብሎ ተጽፏል። እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን በሽተኛ ለብቻው ሲያይ ነገሩ የተለመደ መስሎታል። እውነቱ የታየው ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ከተደመረ በኋላ ነው። የጤና ጥበቃ ሊቃውንት ከልማዱ በላይ የሞተ ሰው ብለው የሚቈጥሩት ይህን ነው፤ ይኸውም በዚያ ወራት ይሞታል ተብሎ ከሚጠበቀው ቍጥርና በእውነት ከሞተው ቍጥር መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ደግሞ በከተማው ልዩ ልዩ ሰፈር ጥላሸቱንና የድኙን ጋዝ በየቀኑ የሚለኩ መሣሪያዎች ነበሩ። ሎጋን የተባሉት የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሁለቱን መዛግብት አስተያይተው በ1953 በሐኪሞች መጽሔት አሳተሙ። ጢሱ በወጣ ጊዜ ሞቱም ወጥቷል፤ ጢሱ በወረደ ጊዜ ሞቱም መውረድ ጀምሯል፤ ይልቁንም የተጐዱት ሽማግሌዎችና ሕፃናት፤ አስቀድሞም የልብና የሳንባ ሕመም የነበረባቸው ናቸው። ከልማዱ በላይ የሞተው ሰው 4,000 ያህል ነው ተብሎ ተነገረ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ጉሙ ከሄደም በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ 1953 ድረስ የሞት ቍጥር ከልማዱ ከፍ እንዳለ ቈይቶ ነበር። ሹማምንቱ ይህን የኢንፍሉዌንዛ ሥራ ነው አሉ፤ ነገሩም ተዘጋ። ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ በ2001 ሚሼል ቤልና ዴቭራ ዴቪስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የድሮውን መዝገብ እንደ ገና ገልጠው ቈጠሩ። የኢንፍሉዌንዛው መጠን ያን ያህል ሞት ለማምጣት የማይበቃ መሆኑን አሳይተው፤ ጢሱ ያመጣው ሞት ወደ 12,000 የሚጠጋ ነው ሲሉ ጻፉ። መዝገቡ በጊዜው በጥንቃቄ ባይጻፍና ባይጠበቅ ኖሮ ይህ እርማት ከየት ይገኝ ነበር? ጸሐፊ ያልፋል፤ ሹም ይሻራል፤ በትክክል የተጻፈ ቍጥር ግን የሚጠይቀው ሰው እስኪመጣ ድረስ ይጠብቃል።

የእንግሊዝ ፓርላማም በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት በተመረጡ ሰፈሮች ጢስ የሚያወጣ ማገዶ እንዳይነድ ተከለከለ፤ ከክልከላውም ጋራ ባለቤቶች ምድጃቸውን የሚለውጡበት የገንዘብ እርዳታ ተሰጠ። ይህን የኋለኛውን ነገር ሕግ የሚያረቁ ሰዎች ቢያስተውሉት መልካም ነው። ሌላ ማገዶ ሳያዘጋጁ ምድጃን መከልከል ድኻውን ሰው ብርድና ረኃብ ማስያዝ ነውና።

እስካሁን የተናገርነው ብዙ ሺህ ሰው ስለ ጨረሰ ጉም ነው። አሁን ደግሞ ስለ አንዲት ልጅ እንናገራለን፤ የሁለቱ መዛግብት ጥቅም ለአንድ ቤተ ሰብ ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ ይታያልና። ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ በደቡብ ምሥራቅ ሎንዶን መኪና በብዛት በሚመላለስበት በአንድ ታላቅ ጐዳና አጠገብ ትኖር ነበር። ክፉ የአስም በሽታ ይዟት ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ወደ ሠላሳ ጊዜ ያህል ሐኪም ቤት ገባች፤ በፌብሩዋሪ 2013ም አረፈች። በ2014 የተደረገው የመጀመሪያው የአሟሟት ምርመራ ትንፋሽ አጥሯት ሞተች ከማለት በቀር ስለ አየሩ የተናገረው ነገር አልነበረም።

እናቲቱ ሮዛመንድ ግን ልጄን ይህን ያህል ያሠቃያት ምንድር ነው እያሉ መጠየቅ አላቆሙም። ከቤታቸው አንድ ማይል ያህል ርቆ የአየር መለኪያ መሣሪያ ተተክሎ ነበር። ፕሮፌሰር እስቲቨን ሆልጌት የተባሉ የሳንባ በሽታ ሊቅ ልጅቱ ሐኪም ቤት የገባችባቸውን ቀኖች ከመሣሪያው መዝገብ ጋራ አስተያዩ፤ ሕመሟም አየሩ ከከፋበት ጊዜ ጋራ እንደሚገናኝ በ2018 ባቀረቡት ጽሑፍ አስረዱ። ከዚህ የተነሣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 የመጀመሪያውን ውሳኔ ሻረው፤ በዲሴምበር 2020ም የአሟሟት መርማሪው ዳኛ ለልጅቱ ሞት የተበከለው አየር ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው ብለው ፈረዱ። በእንግሊዝ አገር በአንድ ሰው የሞት ምስክር ወረቀት ላይ የተበከለ አየር በምክንያትነት ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዳኛው ደግሞ ስለ አየሩ ጕዳት ለእናቲቱ አስቀድሞ ቢነገራቸው ኖሮ ልጃቸውን ለመጠበቅ አንድ ነገር ባደረጉ ነበር የሚለውን ነገር አልዘለሉትም።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ይህን ይመዝኑልን። የአየሩ መዝገብ በልጅቱ ዘመን ነበረ፤ የሐኪም ቤቱም መዝገብ ነበረ። ሁለቱ በአንድ ከተማ ውስጥ በልዩ ልዩ ሣጥን ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ቀሩ። የሚያስተዋውቃቸው ሰው የመጣው ልጅቱ ከተቀበረች በኋላ ነው።

እንግዲህ የሚለካው ነገር ምንድር ነው? በከተማ አየር ውስጥ ብዙ ዓይነት ጕድፍ አለ፤ ዛሬ ግን የጤና ሊቃውንት ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ፒ. ኤም. 2.5 ስለሚባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ ከአንድ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ሁለት ተኩል ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ስፋት ያለው ነው። ከእነዚህ ከሃያ የሚበልጡት ጐን ለጐን ቢሰለፉ የአንድ የሰው ጠጕር ውፍረት ያህላሉ። የጐዳና አቧራ በአፍንጫና በጕሮሮ ተይዞ በንፍጥና በአክታ ይወጣል፤ ይህ ደቃቁ ግን እስከ ሳንባ መጨረሻ ዘልቆ ይገባል፤ ከእርሱም ወደ ደም የሚተላለፍ አለ። ከዚህ የተነሣ ጕዳቱ በሳንባ ብቻ ሳይወሰን ወደ ልብና ወደ አንጐል ደም ሥር ይደርሳል። የሚወጣውም ከእንጨትና ከኩበት ጢስ፤ ከናፍጣና ከቤንዚን መኪና፤ ከፋብሪካና ከሚቃጠል ቈሻሻ ነው።

መጠኑ የሚነገረው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ስንት ማይክሮግራም አለ ተብሎ ነው፤ ማይክሮግራምም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ ከ5፤ የአንድ ሙሉ ቀን አማካይ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም ባይበልጥ ይሻላል ብሏል። ቀድሞ በ2005 የተወሰነው የዓመት ልክ 10 ነበር። ልኩ በግማሽ የቀነሰው ጥቂት ነው የተባለውም ብናኝ እንደሚጐዳ ከዓመት ወደ ዓመት ማስረጃው ስለ በዛ ነው።

ከማስረጃዎቹ አንዱ በአሜሪካ የሃርቫርድ ሊቃውንት በስድስት ከተሞች ያደረጉት ጥናት ነው። ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ድረስ ተከታትለው በ1993 ውጤቱን አሳተሙ። የትምባሆን ልማድና የመሳሰለውን ሁሉ ከሒሳብ ካስገቡ በኋላ፤ አየሩ እጅግ በተበከለው ከተማ የሚኖሩት አየሩ ንጹሕ ከሆነው ከተማ ሰዎች ይልቅ የሞት ዕጣቸው በ26 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በእነዚያ ከተሞች የሎንዶንን የመሰለ አስደንጋጭ ጉም አልወረደም። ሰዉ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲስብ ኖረ እንጂ። የዚህ ዓይነቱ ጕዳት ድንገት ሰውን ስለማይጥል ከአንድ ሳምንት መዝገብ አይታወቅም፤ የብዙ ዓመት መዝገብ ያሻዋል።

የአየር ቍጥር በእጁ የገባ ሹም ወይም ሐኪም ከማመኑ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ አራት ነገር አለ።

1ኛ፤ የት ተለካ? በዛፍ በተከበበ ግቢ የቆመ መሣሪያ ስለ ግቢው አየር ይመሰክራል እንጂ ስለ አውቶቡስ መናኸሪያው ወይም ስለ ገበያው ሊመሰክር አይችልም። አንዱን መሣሪያ ለከተማው ሁሉ ዋስ ማድረግ በአንድ ቤት እንጀራ የአገሩን ጥጋብ እንደ መገመት ነው።

2ኛ፤ መቼና ለስንት ሰዓት ተለካ? አማካይ ቍጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ለምሳሌ ያህል አንዲት ሴት ሃያ ሁለት ሰዓት 10 ማይክሮግራም ባለበት አየር፤ ሁለት ሰዓት ደግሞ 250 ባለበት ማድ ቤት ዋለች እንበል። የቀኑ አማካይ 30 ይሆናል። 30 የሚለውን ብቻ ያነበበ ሰው ግን የሁለቱን ሰዓት እሳት አያየውም፤ መድኃኒቱም ያለው በሁለቱ ሰዓት ውስጥ ነው።

3ኛ፤ በምን ተለካ? ዋጋው የረከሰው ትንሽ መሣሪያ ብናኙን የሚቈጥረው በብርሃን ነው፤ አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ጠብታውን ከብናኝ ጋራ አደባልቆ ቍጥሩን ሊያበዛው ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው ከትልቁ መሣሪያ ጋራ ጐን ለጐን ተቀምጦ መፈተን አለበት። የነጋዴ ሚዛን በማኅተም እንደሚረጋገጥ ሁሉ የአየር ሚዛንም ማረጋገጫ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ መሣሪያው ያልሠራበት ቀንም አልተለካም ተብሎ ይጻፍ፤ ዜሮ ተብሎ አይጻፍ። ባዶ ቦታ ዝምታ ነው፤ ዜሮ ግን የሐሰት ምስክር ነው።

4ኛ፤ ከጐኑ ምን ተጽፏል? ሁለት ቍጥር አብሮ ስለ ተነሣ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም። ብርድ ጢስን ያበዛል፤ ብርድ ራሱም ሰውን ያሳምማል፤ ወረርሽኝም በዚያው ወራት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ መርማሪ የብርዱንና የሙቀቱን፤ የዝናቡንና የወረርሽኙን መዝገብ ከአየሩ አጠገብ አኑሮ እያንዳንዱን በየድርሻው ይለያል። የሎንዶኑ ክርክር ለአርባ ስምንት ዓመት የቈየው በዚህ ምክንያት ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ነገር እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በእንጦጦና በሌሎች ተራሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። በበጋ ወራት ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ምድሩ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘውም አየር በዝቅተኛው ስፍራ ይተኛል። ጧት ማድ ቤቱ ሁሉ ሲነድና መኪናው ሁሉ ሲነሣ በሰፈሩ ላይ የሚታየው የጢስ መጋረጃ የሎንዶኑ አክንባሎ ታናሽ ወንድም ነው። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ይነሣል፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ሰዓት ግን ከዚያ በፊት ነው።

በከተማው ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ለጥቂት ዓመታት የደቃቁን ብናኝ መጠን በየሰዓቱ ለሕዝብ ሲገልጥ ቈይቶ ነበር፤ ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ከኤምባሲዎቹ ሁሉ ይህን ማስታወቅ አቆመ። ከዚህ የምንማረው በሰው ቤት ሚዛን ተማምኖ መኖር የማይበጅ መሆኑን ነው። የራስን አየር በራስ መሣሪያ፤ የራስን ሕዝብ ጤና በራስ መዝገብ መያዝ ከተማ ለሚያስተዳድር ሁሉ የተገባ ሥራ ነው። ደግሞም መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የታወቀ ነው። ይህ ትእዛዝ አየሩን ምን ያህል እንዳሻሻለው ወደፊት ለማወቅ የምንችለው ግን የፊተኛውና የኋለኛው ዘመን ልኬት በተከታታይ ተጽፎ ከተገኘ ብቻ ነው።

ስለ ጢስ ስንናገር የኅዳርን ነገር ማለፍ አይገባንም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከተማችንን እንደ መታ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቈሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። አባቶቻችን ቈሻሻ በሽታ ያመጣል ብለው መጥረጋቸው የሚመሰገን ነው። በዚያን ዘመን የሚጠረገው ቈሻሻ ግን ቅጠልና ገለባ ነበር፤ ዛሬ በክምሩ ውስጥ ላስቲክና ፕላስቲክ፤ አሮጌ ጫማና ጐማ ጭምር አለ። የእነዚህ ጢስ በሽታ የሚያባርር ሳይሆን በሽታ የሚጠራ ነው። ስለዚህ ከልማዱ መጥረጉን ጠብቀን ማቃጠሉን ብንተወው፤ የጠረግነውንም ለቈሻሻ ሰብሳቢ ብንሰጠው፤ የአባቶቻችንን ሐሳብ የበለጠ ፈጸምነው እንጂ አላፈረስነውም።

ከአደባባዩ ጢስ ይልቅ ደግሞ የሚብሰው የቤት ውስጥ ጢስ ነው። በአገራችን አብዛኛው ቤተ ሰብ የሚያበስለው በእንጨት፤ በኩበትና በከሰል ነው። በተዘጋ ማድ ቤት እንጀራ ሲጋገር በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ብዙ ጊዜ በመቶ የሚቈጠር ማይክሮግራም ይደርሳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 በመላው ዓለም ከቤት ጢስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ገምቷል። ይህ ሸክም ከሁሉ ይልቅ የወደቀው በእሳት አጠገብ በሚውሉት በእናቶች፤ በቤት ሠራተኞችና በጀርባ በታዘሉ ሕፃናት ላይ ነው። በእልፍኙ የተቀመጠው ጌታ እንጀራው ሲቀርብለት ጢሱ ከእርሱ ዘንድ አልደረሰም፤ ስለዚህም የቤቱን አየር ደኅና ነው ይላል። እርሱም ሳያውቀው በአንድ መሣሪያ ስለ ከተማው ሁሉ የፈረደውን ሰው መስሏል።

ስለዚህ በጤና ጥበቃ ሥራ ላይ ላሉት ሹማምንት የምንመክረው ይህ ነው። በየጤና ጣቢያው የሚገባው በሽተኛ ሳል ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ ቀኑ፤ ዕድሜው፤ የሚኖርበት ቀበሌ፤ የሚያበስሉበት ማገዶ አብሮ ይጻፍ። ይህ በአንድ መሥመር የሚያልቅ ሥራ ነው። የአየር መለኪያ በሚተከልበትም ጊዜ ለሹሙ መሥሪያ ቤት ቅርብ የሆነው ቦታ ብቻ አይመረጥ፤ የትምህርት ቤቱ፤ የገበያው፤ የመናኸሪያውና የድኻው ሰፈር ይታሰብ። ቢያንስ በየወሩ የሁለቱ መዝገብ ጠባቂዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቀኑን ከቀኑ ያስተያዩ። ያገኙትንም ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ይግለጡለት፤ የዛሬው አየር ክፉ ነውና አስም ያለበት ልጅ በሩጫ እንዳይደክም ይደረግ የሚል አንድ ቃል ከብዙ ሠንጠረዥ ይልቅ ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ለቤተ ሰብ አለቆችና ለእመቤቶችም ጥቂት ቃል እንጨምራለን። የሚቻለው ሰው ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤት ይለይ፤ በላዩም ጢስ የሚወጣበት መስኮት በሁለት ወገን ያውጣለት። እንጨቱ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ከእሳቱ ጢሱ ይበዛልና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው በእርሱ ይጋግር፤ የሌለው ደግሞ ምርጥ በሚባለው ምድጃ ቢጠቀም እንጨትም ጢስም ይቀንስለታል። ሆኖም ጢሱ በግማሽ ስለ ቀነሰ ሕመሙም በግማሽ ቀነሰ ብሎ መታለል አይገባም፤ ጥቂቱም ጢስ ይጐዳልና መስኮቱን መክፈት አይተው። ምጣድ በሚጣድበት ጊዜ ሕፃን በጀርባ አይታዘል፤ ለሌላ ሰው ይሰጥ። የከሰል ምድጃ በደጅ ተቀጣጥሎ ፍሙ እስኪቀላ ይቈይ፤ ከቶውንም ወደ ተዘጋ መኝታ ቤት አይግባ። ከፍሙ የሚወጣው መርዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ቤተ ሰቡን በእንቅልፉ ይወስደዋል። ለቡና ዕጣን ሲጤስም አስም ያለበት ሰው ካለ መስኮቱ ይከፈት፤ ዕጣኑም ይቅለል።

በመጨረሻም ደረቱ የሚያፍንበት ወይም ሳል የሚመላለስበት ልጅ ያላቸው ወላጆች አንዲት ትንሽ ደብተር እንዲይዙ እንለምናቸዋለን። በየትኛው ቀንና ሰዓት እንዳመመው፤ በዚያን ቀን በቤት ምን እንደ ነደደ፤ በጐዳናው ጢስ ወይም አቧራ እንደ ነበረ፤ ወዴትስ ሄዶ እንደ ዋለ ይጻፍ። ወደ ሐኪም ሲሄዱም ደብተሯን ይዘው ይሂዱ። የሎንዶኗ እናት የልጃቸው ቀኖችና የአየሩ ቀኖች ሲገናኙ ያዩት ከብዙ ዓመት ኀዘን በኋላ ነው። እኛ ግን ቀኖቹን አስቀድመን ብናገናኛቸው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፤ ደብተሯ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ከመሆን አልፋ ለልጁ መድኃኒት ትሆናለች።